ለአልሚው ተጨማሪ ፎቅ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቤት፦ “የጥግግት ማበረታቻ” የሚባለው ምንድን ነው?

ራኩባ ሥር ተቀምጦ ስለ ፎቅ ቤት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። በሀዋታም ሆነ በሌሎቹ የገዳሪፍ መጠለያዎች ያለ ሰው የሚያስጨንቀው ክረምቱ ሳይገባ ሸራውን መቀየር፣ የጎጆውን ሣር ማደስ ነው። ይሁንና ከመካከላችን ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ጉዳዩ የተያዘለት አለ። ሰላም ሲሆን አገሬ እገባለሁ ብሎ የሚጠብቅ አለ። አዲስ አበባ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመዱ ደውሎ “እዚህ ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጥ ቤት አለ” ያለውም አለ። ታዲያ ይህ ቤት ከየት ይመጣል? ማን ይሠራዋል? ለምንስ በርካሽ ይሰጠዋል? ከመልሶቹ አንዱ በዛሬው ጽሑፍ የምናየው የጥግግት ማበረታቻ ነው።

ጥግግት ማለት ምን ማለት ነው?

ጥግግትን እናንተ ኖራችሁበታልና ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። የእርዳታ ድርጅቶች የሚሠሩበት የስፊር መመዘኛ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ መኖሪያ ይገባዋል ይላል። አምስት ሆናችሁ የምትኖሩ ከሆነ 17.5 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። መንገዱ፣ መጸዳጃው፣ የውኃ ቦታውና የጓሮ አትክልቱ ሲጨመር ደግሞ ለአንድ ሰው 45 ካሬ ሜትር የመጠለያ መሬት ያስፈልጋል ይላል። ጎጆዎቹ ከዚህ በላይ ሲጠጋጉ እሳት ቶሎ ይዛመታል፣ በሽታም ይተላለፋል። ስለዚህ ጥግግት ገደብ ይበጅለታል።

ከተማም እንዲሁ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በአንድ ቦታ ላይ ስንት ፎቅ፣ ስንት ቤት ወይም ስንት ካሬ ሜትር ወለል መሥራት እንደሚቻል ይወስናል። ለምሳሌ 500 ካሬ ሜትር ቦታ አለ እንበል። ደንቡ “የወለሉ ድምር ከቦታው ስፋት ሁለት እጥፍ አይበልጥም” ካለ፣ ባለቤቱ መሥራት የሚችለው 1,000 ካሬ ሜትር ወለል ነው። በቦታው ግማሽ ላይ፣ ማለትም በ250 ካሬ ሜትር ላይ ካረፈ፣ ምድር ቤቱን ጨምሮ አራት ደረጃ፣ በአገራችን አጠራር ጂ ፕላስ 3 ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ልቀጥል ቢል ፈቃድ የለውም።

ማበረታቻው እንዴት ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው ቤት ሠርቶ ለሚሸጠው ወይም ለሚያከራየው ድርጅት፣ አልሚ ለምንለው፣ ይህን ይለዋል፦ “ከምትሠራቸው ቤቶች የተወሰኑትን ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው በሚችለው ዋጋ ከሰጠህ፣ ደንቡ ከሚፈቅደው በላይ ፎቅ እንድትጨምር እፈቅድልሃለሁ።” መንግሥት ከካዝናው ጥሬ ገንዘብ አያወጣም። የሚሰጠው ፈቃድ ነው። አልሚው ተጨማሪዎቹን ቤቶች በገበያ ዋጋ ሸጦ በርካሽ የሰጣቸው ቤቶች ያጎደሉበትን ይሞላል።

አልሚው ለምን ይስማማል? በትልልቅ ከተሞች መሬት ውድ ስለሆነ ነው። በአንድ ቦታ ላይ 100 ቤት ከተሠራ የመሬቱ ዋጋ ለ100 ይካፈላል። 150 ከተሠራ ለ150 ይካፈላልና በእያንዳንዱ ቤት ላይ የሚያርፈው የመሬት ወጪ ይቀንሳል።

ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን። ይህ አሠራር የሚሠራው ተጨማሪ ፎቅ ገዢ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ሀዋታ ላይ አንድ ነጋዴ “ሦስት ፎቅ ጨምር” ቢባል ምን ያደርግለታል? መሬቱ ሰፊ ነው፣ ፎቅ ላይ ለሚገኝ ክፍል ብዙ የሚከፍል ሰው የለም፣ ብረትና ሲሚንቶው ደግሞ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የጥግግት ማበረታቻ ለሁሉም አገር የሚሆን መድኃኒት አይደለም። የውድ መሬት መድኃኒት ነው።

የካሊፎርኒያ ምሳሌ፦ መቶኛው የምን መቶኛ ነው?

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በ1979 እ.ኤ.አ. በዚህ ጉዳይ ሕግ አወጣች። ሕጉ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። በ2020 በወጣው ማሻሻያ መሠረት አልሚው ከመደበኛዎቹ ቤቶች 15 በመቶውን በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ከመደበ፣ 50 በመቶ ተጨማሪ ቤት የመሥራት መብት ያገኛል።

በቁጥር እንየው። ቦታው በደንቡ 100 ቤት ይይዛል እንበል። አልሚው 15 ቤት ለዝቅተኛ ገቢ ይመድባል፣ በምላሹ 50 ቤት ይጨመርለታል። በጠቅላላው 150 ቤት ሆነ። 15ቱ በርካሽ ሲሰጡ 135ቱ በገበያ ዋጋ ይሸጣሉ ወይም ይከራያሉ። ማበረታቻው ባይኖር ኖሮ ለገበያ የሚያቀርበው 100 ብቻ ነበር።

አሁን ልብ በሉ። “15 በመቶ” የተባለው ከመጀመሪያዎቹ 100 ቤቶች ላይ ነው። ሕንጻው ተሠርቶ ሲያልቅ ግን 15ቱ ከ150 ውስጥ ስለሆኑ፣ በእውነት ለዝቅተኛ ገቢ የዋለው ከአሥር ቤት አንዱ ነው። ሕጉ የደበቀው ነገር የለም፣ አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ሰሚው ግን በቀላሉ ይሳሳታል። በማንኛውም አገር “ይህን ያህል በመቶ ለድሃው” ሲባል ስትሰሙ “ከምን ላይ?” ብላችሁ ጠይቁ።

በካሊፎርኒያ ለኪራይ የሚሰጡት እነዚህ ቤቶች ለ55 ዓመት በርካሽ ዋጋ እንዲቆዩ ሕጉ ያስገድዳል። የዘመኑ ርዝመት ለምን እንደሚያስፈልግ ከሚቀጥለው ምሳሌ ይታያል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የእኛ ሰው የሚኖርበት ካውንቲ

ከዋሽንግተን በስተሰሜን ያለችውን ሲልቨር ስፕሪንግን የማያውቅ አበሻ ጥቂት ነው። እንጀራ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሱቁ ብዙ ነው። ከተማዋ የምትገኘው በሜሪላንድ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ በሚባለው ካውንቲ ውስጥ ነው። ይህ ካውንቲ በዚህ ጉዳይ በአሜሪካ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ብዙ ቤት በአንድ ቦታ የሚሠራ አልሚ ከቤቶቹ የተወሰኑትን መካከለኛና ከዚያ ዝቅ ያለ ገቢ ላላቸው ሰዎች እንዲያቀርብ አስገደደ፣ በምላሹም ተጨማሪ ጥግግት ፈቀደ። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች በ1976 ተሠሩ።

ከካሊፎርኒያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ አልሚው ከፈለገ ይገባበታል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። በሞንትጎመሪ ግን ግዴታ ነው፤ ተጨማሪው ጥግግት የግዴታው ማካካሻ ነው። ካውንቲው ለረጅም ጊዜ በሠራበት ስሌት አልሚው ከጠቅላላው 15 በመቶውን ለዚህ ካዋለ እስከ 22 በመቶ ተጨማሪ ቤት ይፈቀድለት ነበር። 100 ቤት የሚይዘው ቦታ 122 ይይዛል ማለት ነው። ከ122ቱ 15 በመቶው 18 ወይም 19 ቤት ነው። ለገበያ የሚቀረው ከ100 አያንስም። አልሚው አልከሰረም፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለውም ሰው ቤት አገኘ።

ስህተቱ የነበረው ዘመኑ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ቤቱ በርካሽ ዋጋ የሚቆየው ለአምስት ዓመት ብቻ ነበር። በ1981 ወደ አሥር ዓመት ከፍ አለ። ጊዜው ሲያልቅ ባለቤቱ በገበያ ዋጋ መሸጥ ይችል ነበር። በሕጉ ከተሠሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች መካከል ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ከዝቅተኛ ገቢ እጅ ወጡ። ተጨማሪው ፎቅ ለዘላለም ቆሞ ሳለ፣ በምትኩ የተሰጠው ቃል በአሥር ዓመት አለቀ። ካውንቲው ይህን አይቶ በ2005 ሕጉን አጠበቀ፦ ለሚሸጡት 30 ዓመት፣ ለሚከራዩት 99 ዓመት።

ሌላም ብልሃት አለው። የካውንቲው የቤቶች ኮሚሽን ከእነዚህ ቤቶች እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑትን ገዝቶ በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው እንዲያከራይ መብት ተሰጥቶታል። ይህ ባይሆን ኖሮ የመጨረሻው ድሃ “ርካሽ” የተባለውንም መክፈል አይችልም ነበር።

ቤቱን ለማግኘት መንገዱ ሁለት ነው። ለመግዛት የሚፈልግ ሰው የገቢውን ልክ ያሳያል፣ ትምህርት ይከታተላል፣ ከዚያ በዕጣ ይለያል። በካውንቲው የሚኖር ወይም የሚሠራ ሰው ቅድሚያ አለው። ለመከራየት ደግሞ በቀጥታ ወደ ሕንጻው የኪራይ ቢሮ ሄዶ ማመልከት ነው። ከተወሰነ ገቢ በላይ ያለው አይገባም፣ ኪራዩን የሚሸፍን ገቢ የሌለውም ብዙውን ጊዜ አይገባም። አዲስ የደረሰ ቤተሰብ ሥራ እንደያዘ የደመወዝ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ግልጽ እንሁን። አሜሪካ የስደተኞች መቀበያ ፕሮግራሟን በጥር 2017 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 2025) አግዳለች። ይህን የምንጽፈው ለማንም የጉዞ ተስፋ ለመስጠት ብለን አይደለም። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችሁ እንዲጠቀሙበት፣ እናንተም ሐሳቡን እንድታውቁት ነው።

ሙምባይ፦ ለድሃው ነጻ ቤት፣ ለአልሚው ሰማይ

የሕንዷ ሙምባይ በ1995 እ.ኤ.አ. በላስቲክና በቆርቆሮ ሰፈሮች ላይ ይህንኑ ሐሳብ እስከ ጥግ ወሰደችው። አልሚው በሰፈሩ ይኖር ለነበረ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እዚያው ቦታ ላይ አንድ ቤት በነጻ ይሠራል። ስፋቱ መጀመሪያ ላይ 21 ካሬ ሜትር ገደማ ነበር፤ በኋላ ከፍ ብሏል። በምላሹ በዚያው መሬት ላይ ረጃጅም ሕንጻ ሠርቶ በገበያ ዋጋ ይሸጣል።

ጥሩ ጎኑ ሰው ከሰፈሩ፣ ከሥራው፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይርቅ ግድግዳና ጣሪያ ማግኘቱ ነው። ሥራው እንዲጀመርም ቢያንስ 70 በመቶ ነዋሪ መስማማት ነበረበት፤ ይህ ቁጥር በኋላ ዝቅ ተደርጓል።

ችግሩስ? አንደኛ፣ ቤት የሚያገኘው ከተወሰነ ቀን በፊት በሰፈሩ እንደነበረ በወረቀት ማስረዳት የቻለ ብቻ ነው። ቀኑ መጀመሪያ ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ነበር፤ በኋላ ወደ 2000 ተገፋ። ከዚያ በኋላ የመጣና ወረቀት የሌለው ቀረ። እኛ ስደተኞች ይህን በደንብ እንረዳዋለን፤ ምዝገባ ያመለጠው ሰው ቢኖርም እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ሁለተኛ፣ አልሚው የሚሸጠውን ሕንጻ ሰፋ አድርጎ ለመሥራት ሲል የነጻዎቹን ቤቶች ረጃጅምና በጣም የተጠጋጉ አድርጎ ይሠራቸዋል። ብርሃንና አየር ያጥራቸዋል። ሦስተኛ፣ ቤቱ ነጻ ቢሆንም ሊፍቱ፣ የውኃ ፓምፑና ጥገናው ነጻ አይደሉም።

አዲስ አበባስ?

በኢትዮጵያ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ ይሰጣል፤ ሥራ ላይ ያለው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነው። ስለዚህ መንግሥት ለአልሚ የሚሰጠው ዋናው ማባበያ ፎቅ ሳይሆን መሬቱ ራሱ ነው።

በ1997 ዓ.ም. በሰፊው የተጀመረውን የኮንዶሚኒየም ግንባታ አስታውሱ። የሠራው መንግሥት ራሱ ነው፤ ግን የመደጎሙ ሐሳብ ተመሳሳይ ነበር። የምድር ቤቱ ሱቆች በጨረታ በውድ ይሸጡና ላይኛዎቹን መኖሪያ ቤቶች ይደጉማሉ። ከቤቶቹ 30 በመቶው ለሴቶች በዕጣ ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። ባለዕድሉ ለአምስት ዓመት መሸጥ አይችልም። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉት መጡ። የመጀመሪያው ቁጥር ቆጥበህ የምትከፍለው መቶኛ ሲሆን ሁለተኛው የባንክ ብድር ነው። የተመዘገበው ሰው ከ900 ሺህ በላይ ነበር። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ይጠብቃሉ።

ዕጣ የወጣላቸውም ሁሉ አልገቡበትም። ቅድሚያ ክፍያው የከበደው፣ ወርኃዊ ዕዳው ያቃተው ሰው ቤቱን አከራይቶ እሱ ራቅ ያለ ሰፈር ተከራይቷል። ቤቱ ከከተማው ጫፍ ሲሆን ደግሞ የታክሲው ወጪ ሌላ ኪራይ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ መሰረዙንም አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ቤት መሥራት ብቻውን አይበቃም። ዝርዝሩን ማን ይይዛል፣ ዕጣውን ማን ያወጣል፣ ማንስ ይቆጣጠራል የሚለውም እኩል ይመዝናል።

በቅርብ ዓመታት የከተማ አስተዳደሩ 70/30 የሚባል የመንግሥትና የግል አጋርነት ጀምሯል። መሬቱ ከከተማው፣ ገንዘቡና ግንባታው ከአልሚው ነው፤ ቤቶቹ ሲያልቁ 70 በመቶው ለአልሚው፣ 30 በመቶው ለከተማው ይሆናል። ለጥግግት ማበረታቻ የቅርብ ዘመድ ነው። ልዩነቱ አልሚው ያገኘው ከፎቅ ይልቅ ቦታ መሆኑ ነው። መጠየቅ ያለበት ጥያቄም ያው ነው፦ 30 በመቶው ለከተማው ከገባ በኋላ ለማን ይደርሳል? በስንት? በዕጣ ነው ወይስ በምደባ? ለቦታው ሲባል የተነሣ ነዋሪ ካለ እሱ በዚያው ሕንጻ ውስጥ ቤት ያገኛል ወይስ ወደ ዳር ይላካል?

በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በሌሎቹ የአማራ ክልል ከተሞች ብዙ ሰው የሚያውቀው መንገድ ደግሞ በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ መውሰድ ነው። እዚያ እያንዳንዱ አባል ለየራሱ ቁራሽ መሬት ይዞ ዝቅ ያለ ቤት ይሠራል። መሬት እየጠበበ ሲሄድ እነዚህም ከተሞች ወደ ፎቅ መዞራቸው አይቀርም። ያኔ ይህን ክርክር እነሱም ይከራከሩታል።

አምስቱ ጥያቄዎች

በየትኛውም አገር “ለአልሚው ይህ ተፈቀደለት፣ ለድሃው ቤት ይሠራል” ሲባል ስትሰሙ እነዚህን ያዙ፦

1. ከምን ላይ ነው መቶኛው? ከመደበኛው ቁጥር ወይስ ካለቀው ሕንጻ ጠቅላላ?

2. ለማን ነው? “ዝቅተኛ ገቢ” ሲባል የወር ገቢው ስንት ነው? የቀን ሠራተኛ ይገባበታል ወይስ የቢሮ ሠራተኛ ብቻ?

3. ለስንት ዓመት ነው? አምስት ዓመት ወይስ 99?

4. የት ነው? እዚያው ሕንጻ ውስጥ፣ ሌላ ሰፈር፣ ወይስ አልሚው ገንዘብ ከፍሎ ይወጣል? የአሜሪካዋ ሲያትል በ2019 እ.ኤ.አ. በብዙ ሰፈሮቿ ፎቅ ጨምራ ስትፈቅድ አልሚው ቤት እንዲሠራ ወይም ገንዘብ እንዲከፍል ምርጫ ሰጥታዋለች። ገንዘቡ ብዙ ቤት ሊሠራ ይችላል፤ ግን ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጊዜ ነው።

5. ማን ይቆጣጠራል? ዝርዝሩ ለሕዝብ ይታያል? ቃሉን ያጠፈ አልሚ ምን ይደርስበታል? ፎቁ ከተሠራ በኋላ አይፈርስም፤ ስለዚህ ግዴታው ግንባታው ሳይጀመር በጽሑፍ መታሰር አለበት።

ለእናንተ፣ አሁን

መጠለያ ውስጥ ያለ ሰው ከዚህ ሁሉ ዛሬ የሚጠቀመው ጥቂት ነገር ነው፤ ግን ጥቂቱን አትናቁት።

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ የነበራችሁ የምዝገባ ወረቀታችሁንና የቁጠባ ደብተራችሁን ጠብቁ። ዋናው በእጃችሁ ካለ በስልክ ፎቶ አንሡትና ለምታምኑት ዘመድ ላኩ። ክረምትና እሳት ወረቀት አይምሩም። ስለ ተራችሁ መጠየቅ ካስፈለገ በዘመድ በኩል ባንኩንና የከተማውን የቤቶች መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

የጋብቻ፣ የልደትና የስደተኛነት ምዝገባ ወረቀቶቻችሁ ላይ ስማችሁ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አረጋግጡ። በየትኛውም አገር የቤት ማመልከቻ የሚጠይቀው የቤተሰብ ቁጥርና ገቢን ነው፤ ስም ካልገጠመ ሰው ከተራው ይወድቃል።

“ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠው ቤት ዝርዝር ውስጥ አስገባችኋለሁ” ብሎ ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ አትክፈሉ። ከላይ እንዳየነው እነዚህ ቤቶች የሚገኙት በገቢ ማስረጃ፣ በዕጣና በማመልከቻ ነው፤ ያውም በአገሩ ለሚኖር ሰው። ከሀዋታ ሆኖ ተራ የሚገዛበት መንገድ የለም።

ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ ስለ ኪራይ ካማረሩላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ በሚኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ይህ ሕግ መኖሩን የቤቶች ቢሮውን ሄደው ይጠይቁ። ሳይጠይቅ የቀረ ሰው ቤቱ ለሌላው ይሰጣል።